ጊፍት ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የተደበቀውን ክፍያ እንዴት ታገኙታላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ ሱፐርማርኬትም ሆነ ፋርማሲ ስትገቡ፣ ካሸሩ አጠገብ ጊፍት ካርድ፣ ማለትም ቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት የስጦታ ካርድ፣ የተንጠለጠለበት መደርደሪያ አይጠፋም። አፕል፣ አማዞን፣ ታርጌት፣ ስታርባክስ፣ ቪዛ፣ ማስተርካርድ፤ ሁሉም ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። የገና ሰሞን መደርደሪያው መተላለፊያውን ሁሉ ይሞላል። ሜይና ጁን ላይ ደግሞ የምረቃ ቆብ የተሳለባቸው ይመጣሉ።

የኛ ሰው ልማዱ ፖስታ ውስጥ ገንዘብ አድርጎ መስጠት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሰርግ ላይ ፖስታው አሁንም አለ። ለቤቢ ሻወር፣ ለምረቃና ለልጅ አስተማሪ ግን ካርድ መያዝ ተለምዷል። ምክንያቱ ይገባኛል። ለፈረንጅ አስተማሪ ጥሬ ብር መስጠት ይከብዳል፤ ዕቃ መምረጥ ደግሞ ራስ ያዞራል። ካርዱ ከሁለቱም ይገላግላል።

ችግሩ፣ አንዳንዱ ካርድ ላይ የምትከፍሉት ገንዘብ ካርዱ ውስጥ ከሚገባው ይበልጣል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከገባ በኋላም በየወሩ ይቀነሳል። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ምልክት ያለበትን ጊፍት ካርድ በሙሉ ዋጋ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። የሱቅ ካርድ ግን በቅናሽ ከተገኘ፣ ወይም ተቀባዩ ያንን ሱቅ የሚያዘወትር ከሆነ ያዋጣል። ከዚህ በታች ያለውን አካሄድ ተከትላችሁ ራሳችሁ አይታችሁ ወስኑ።

1. መጀመሪያ የካርዱን ዓይነት ለዩ

ካርዶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሱቅ ካርድ ነው። የታርጌት ካርድ ታርጌት ብቻ፣ የስታርባክስ ካርድ ስታርባክስ ብቻ ይሠራል። እነዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ የመግዣ ክፍያ የለም። 50 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ 50 ዶላር ይገባል።

ሱቁ ምን ተጠቅሞ ነው በነፃ የሚሰጠው? ዕቃ ሳይሰጥ ገንዘባችሁን ቀድሞ ተቀብሏል። ካርዱን ይዞ የሚመጣው ሰው ደግሞ ከካርዱ በላይ መግዛቱ የተለመደ ነው። ጭራሽ የማይመጣም ሞልቷል። ስታርባክስ ደንበኞች ካርዳቸው ላይ ትተውት አይመለሱበትም ብሎ ወደ ገቢ ያዞረው ገንዘብ በ2023 የበጀት ዓመት ብቻ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። አንድ ማኪያቶ ሳይቀዳ የተገኘ ገንዘብ ነው እንግዲህ።

ሁለተኛው የቪዛ፣ የማስተርካርድ ወይም የአሜሪካን ኤክስፕረስ ምልክት ያለበት ነው። የሚያወጣው ባንክ ነው፤ የትም ሱቅ ይሠራል። ነፃነቱ ደስ ይላል፤ ክፍያው የተደበቀው ግን እዚሁ ላይ ነው።

2. ካርዱን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ

ፊቱ ላይ ሪባን፣ ፊኛና በትልቁ የተጻፈ «100» ይታያል። ጀርባውን ስትገለብጡት ነጭ ላይ በግራጫ ቀለም የተጻፈ፣ የጉንዳን ሰልፍ የሚመስል ጽሑፍ አለ። ማንም እንዲያነበው የተጻፈ አይመስልም። የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ አጉሉት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የስልኩ መተርጎሚያ ይበቃል። መደርደሪያው ጋ ቆማችሁ ሁለት ደቂቃ ብታጠፉ ማንም አይቆጣችሁም።

የምትፈልጉት ይሄን ነው። የመጀመሪያው የመግዣ ክፍያው ስንት እንደሆነ ነው። አንዳንዴ በትንሽ ጽሑፍ ፊቱ ላይም ይኖራል። ሁለተኛው ከ12 ወር በኋላ ወርሃዊ ክፍያ አለው ወይስ የለውም? አንዳንድ የቪዛ ካርዶች «ከተገዛ በኋላ ምንም ክፍያ የለም» ብለው በግልጽ ይጽፋሉ፤ ከሁለቱ መምረጥ ካለባችሁ ይሄኛውን ያዙ። ሦስተኛው «አሜሪካ ውስጥ ብቻ የሚሠራ» የሚል ጽሑፍ ነው። ብዙዎቹ ላይ አለ፤ ወደ አገር ቤት ለመላክ ላሰበ ሰው ይሄ ወሳኝ ነው። አራተኛው ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ አያወጣም የሚለው ነው። ካርዱን ብር አድርጌ አወጣዋለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ምልክቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ ክፍያውም አንድ ነው ማለት አይደለም። ሁለት የቪዛ ካርዶች፣ አንድ መደርደሪያ ላይ፣ ሁለት የተለያዩ ባንኮች ያወጧቸው ሆነው አንዱ ወርሃዊ ክፍያ ሊኖረው፣ አንዱ ላይኖረው ይችላል።

3. ክፍያውን በመቶኛ አስሉት

ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። 3 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሲባል የቡና ዋጋ ይመስላል። ስልካችሁ ላይ ያለውን ካልኩሌተር አውጡና ክፍያውን ካርዱ ውስጥ ለሚገባው ገንዘብ አካፍሉት።

በየመደርደሪያው የተለመዱትን ዋጋዎች ልውሰድ። 25 ዶላር የሚይዝ የቪዛ ካርድ 3.95 ቢያስከፍል 16 በመቶ ገደማ ነው። 50 ዶላር የሚይዘው 4.95 ቢሆን 10 በመቶ ይጠጋል። 100 የሚይዘው 5.95 ሲሆን 6 በመቶ ነው። 200 የሚይዘው 6.95 ከሆነ 3.5 በመቶ፣ 500 የሚይዘው 7.95 ከሆነ ደግሞ 1.6 በመቶ። ካርዱ ባነሰ ቁጥር የሚበላችሁ ይበዛል ማለት ነው። ትንሽ ስጦታ የሚሰጠው ሰው በትልቁ ይከፍላል።

ሦስት ልጆች አሏችሁ እንበል፤ ለሦስቱ አስተማሪዎች ባለ 25 ዶላር የቪዛ ካርድ ገዛችሁ። አስተማሪዎቹ እጅ የሚገባው 75 ዶላር ነው። ከእናንተ ኪስ የሚወጣው 86 ከ85 ነው። 11 ዶላር ከ85 ሳንቲሙን ማንም አላመሰገናችሁበትም። ያው ብር ታርጌት ካርድ ላይ ቢሆን 75ቱ በ75 ይገዛ ነበር። አስተማሪ ደግሞ ታርጌት የማይገባበት ሳምንት የለም።

እዚህ ላይ ክሬዲት ካርዴ ነጥብ ይሰጠኛል የሚል ሰው አይጠፋም። 2 በመቶ አግኝቶ 16 በመቶ መክፈል ነው፤ አይካካስም። አንዳንድ ክሬዲት ካርዶች ደግሞ ለጊፍት ካርድ ግዢ ጭራሽ ነጥብ አይሰጡም።

በኢንተርኔት ስትገዙም ተመልከቱ። ፕላስቲኩ በፖስታ እንዲላክላችሁ ካዘዛችሁ የመላኪያ ሊጨመርበት ይችላል፤ መጨረሻ ገጽ ላይ እስክትደርሱ አይታይም። በኢሜይል የሚላከው የሱቅ ካርድ ብዙውን ጊዜ ይሄ የለበትም።

4. ሕጉ የሚከለክለውንና የሚፈቅደውን እወቁ

ድሮ ጨዋታው የባሰ ነበር። ኬማርት የሚባለው ሱቅ ካርዱ ሁለት ዓመት ካልተነካ በወር 2.10 ዶላር ወደ ኋላ ቆጥሮ በአንድ ጊዜ 50.40 ያነሳ ነበር። ባለ 50 ዶላር ካርድ በአንድ ቀን ባዶ ሆነ ማለት ነው። የፌደራል ንግድ ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤፍቲሲ፣ ክፍያውን በግልጽ አላሳወቃችሁም ብሎ ያዘውና በ2007 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ።

ከዚያ በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ጊፍት ካርድንም ጨመረ። ይሄኛው ክፍል ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 22 ቀን 2010 ነው። ዋና ዋናው ይሄ ነው። ካርዱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ከተገዛበት ወይም መጨረሻ ከተሞላበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ለ5 ዓመት አይቃጠልም። ካርዱ 12 ወር ሙሉ ካልተነካ በስተቀር «አልተጠቀምክበትም» ተብሎ ክፍያ አይቆረጥም። ከ12 ወር በኋላም በወር ከአንድ ጊዜ በላይ አይቆረጥም፤ ያም ካርዱ ላይ ተጽፎ ከሆነ ብቻ ነው።

የመግዣ ክፍያውን ግን ሕጉ አይነካውም። የፈለጉትን ያህል ሊያስከፍሉ ይችላሉ፤ መንገር ብቻ ነው ያለባቸው። ወርሃዊ ክፍያውም መጠኑ አልተገደበም። በወር 3.95 የሚቆርጥ ባለ 25 ዶላር ካርድ መሳቢያ ውስጥ ተረሳ እንበል። አንድ ዓመት ሙሉ ምንም አይሆንም። ከ13ኛው ወር ጀምሮ መቁረጥ ይጀምራል፤ 19ኛው ወር ላይ ዜሮ ነው። ሁሉም ነገር በሕግ።

ሰው የሚያምታታው ሌላ ነገር ፕላስቲኩ ላይ የታተመው ቀን ነው። ቪዛ ካርዱ ላይ «እስከዚህ ወር ድረስ» የሚል ቀን አለ። እሱ የፕላስቲኩ ዕድሜ ነው። ቀኑ አልፎ ውስጡ ገንዘብ ካለ አትጣሉት። ከጀርባው ባለው ስልክ ደውላችሁ ምትክ ጠይቁ። ቀኑ ስላለፈበት ብቻ ለሚሰጥ ምትክ ማስከፈል አይፈቀድላቸውም። ለጠፋ ካርድ ምትክ ግን ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

ሕጉ የማይሸፍነውም አለ። «50 ዶላር ካርድ ግዙ፣ 10 ዶላር እንመርቃለን» ሲሏችሁ ምርቃቱ 10 ዶላር ጊፍት ካርድ ይምሰል እንጂ ማስተዋወቂያ ነው። 5 ዓመቱ አይመለከተውም። ብዙ ምግብ ቤቶች ለገና የሚመርቁት ጃንዋሪ ላይ ጀምሮ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቃጠላል። ካርዱን ሰጥታችሁ ምርቃቱን ለራሳችሁ ልታስቀሩ ካሰባችሁ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ከፌደራሉ ሕግ በላይ የሚሄዱ ግዛቶችም አሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሱቅ ካርድ ላይ የቀረው ከ10 ዶላር፣ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ደግሞ ከ15 ዶላር ካነሰ ጥሬ ገንዘቡን ስጡኝ ማለት መብት ነው። ኒው ጀርሲና ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከ5 ዶላር በታች ሲሆን ነው። ሲያትል ያላችሁ ሰዎች፣ 4 ዶላር የቀረበትን ካርድ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ አትዙሩ። ካሸሯ ላታውቀው ትችላለች፤ በትህትና ሥራ አስኪያጁን አስጠሩ።

5. ማሸጊያውን በእጃችሁ ፈትሹ

ይሄ ክፍያ አይደለም፣ ሌብነት ነው። ግን ከክፍያ ሁሉ የከፋው እሱ ስለሆነ አልዘለውም። ሌቦች ካርዱን ከመደርደሪያ ይወስዱና ማሸጊያውን በጥንቃቄ ከፍተው ቁጥሩን ይመዘግባሉ። መልሰው አሽገው ይሰቅሉታል። እናንተ ከፍላችሁ ካርዱ እንደተከፈተ ገንዘቡን ያነሱታል። ስጦታው የተሰጠው ሰው ሱቅ ሄዶ «ባዶ ነው» ሲባል ያፍራል፤ ለእናንተ ለመንገር ደግሞ የባሰ ያፍራል። ብዙው ነገር ተሸፍኖ የሚቀረው በዚህ ይሉኝታ ነው። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መርማሪዎች በዚህ ላይ የተሰማሩ የተደራጁ ቡድኖችን ለማደን «ሬድ ሁክ» የሚል ዘመቻ እስከመክፈት ደርሰዋል።

ስለዚህ የካርቶኑን ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱት። ሙጫው ያበጠ፣ የተቀደደ፣ ዳር ዳሩ የተጨማደደ ከሆነ ተዉት። የሚፋቅ ቁጥር ካለው መፋቂያው ላይ የተለጠፈ ሌላ ስቲከር እንዳይኖር እዩ። ካርዱ በካርቶኑ መስኮት የሚታይ ከሆነ፣ ካርዱ ላይ ያለውና ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ይመሳሰሉ እንደሆነ አስተያዩ። ከፊት የተሰቀለውን ትታችሁ ከኋላ ውሰዱ የሚል ምክር ትሰማላችሁ፤ ዋስትና ግን አይሆንም። ከካሸር ጀርባ የሚቀመጡትን ብትጠይቁ ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ከሱቁ ከራሱ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ በኢሜይል የሚላከውን መግዛት ነው። ያልተሰቀለ ካርድ ማንም አይከፍተውም።

ሜሪላንድ በ2024 ባጸደቀችው ሕግ፣ ከጁን 2025 ጀምሮ በሱቅ የሚሸጡ ካርዶች ሲነካኩ የሚያሳብቅ ማሸጊያ እንዲኖራቸው አዛለች። በዚህ ከሌሎች ግዛቶች ቀድማለች። ቨርጂኒያ ያላችሁ ግን ጣታችሁን ተማመኑ።

6. ደረሰኙን ያዙ፣ ፎቶ አንሱ

ካርዱ ሥራ የሚጀምረው ካሸሯ ስታነበው ነው። ደረሰኙ ላይ ካርዱ መከፈቱን የሚያሳይ መስመርና የገባው ገንዘብ መጠን መኖሩን እዚያው ቆማችሁ እዩ። ከዚያ የደረሰኙን፣ የካርዱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሱ። ስጦታ ከሆነ ደረሰኙን ለተቀባዩም ስጡት። ዋጋው ይታያል ብላችሁ አትፈሩ፤ ካርዱ ላይ 50 ተብሎ ተጽፎ የለም እንዴ?

ቀሪ ሂሳብ ስታዩ ከካርዱ ጀርባ ያለውን ስልክ ወይም አድራሻ በእጃችሁ ጻፉ። ጉግል ላይ «የካርድ ባላንስ ማያ» ብላችሁ መጀመሪያ የመጣውን አትጫኑ። ቁጥርና ፒን ለመሰብሰብ የተሠሩ የውሸት ገጾች አሉ።

7. ካርዱ ሲደርሳችሁ ቶሎ ተጠቀሙበት

ቪዛ ጊፍት ካርድ ይዞ ነዳጅ ማደያ መሄድ ለራስ ምታት ነው። ፓምፑ ላይ ካርዱን ስታስገቡ ማሽኑ ስንት እንደምትቀዱ ስለማያውቅ ቀድሞ ገንዘብ ይይዛል። እስከ 175 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ባለ 50 ዶላር ካርድ በቀጥታ «አይሠራም» ይባላል። ወደ ውስጥ ገብታችሁ «ፓምፕ 4 ላይ 30 ዶላር» በሉ። ምግብ ቤትም እንደዚሁ ነው። ሂሳቡ 45 ዶላር ሆኖ ካርዱ 50 ቢኖረውም፣ ማሽኑ ለጉርሻ 20 በመቶ ገደማ ጨምሮ ስለሚጠይቅ ሊመለስባችሁ ይችላል።

ኢንተርኔት ላይ ለመክፈል መጀመሪያ ካርዱን ባወጣው ባንክ ገጽ ላይ ስማችሁንና ዚፕ ኮዳችሁን አስመዝግቡ። ካልሆነ አድራሻው አልገጠመም ተብሎ ይመለሳል።

አሁን ዋናው፣ የምትቀረው ሳንቲም። 3 ዶላር ከ40 የቀረበት ካርድ ምን ይደረጋል? ካርድ አውጪዎቹ የሚያተርፉት እኮ ከዚህችው ነው። ሱቅ ውስጥ ከሆናችሁ ካርዱን ከማስነካታችሁ በፊት ለካሸሯ «ከዚህ ላይ 3 ከ40 ውሰጂ፣ ቀሪውን በሌላው እከፍላለሁ» በሏት። ቁጥሩን በትክክል ካልነገራችኋት ማሽኑ ሙሉውን ጠይቆ ይመልሰዋል። አማዞን ላይ ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። የቀረችው አማዞን ከሚቀበለው ትንሹ መጠን ካላነሰች፣ የራሳችሁን የአማዞን ጊፍት ባላንስ በዚያው በቀረችው መጠን ሙሉና ካርዱን ጨርሱ። ገንዘቡ አማዞን ላይ ወርሃዊ ክፍያም ጊዜም የለበትም።

ቶሎ ተጠቀሙ የምለው በወርሃዊ ክፍያው ብቻ አይደለም። ሱቅ ይከስራል። ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ ኤፕሪል 23 ቀን 2023 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ጊፍት ካርድ የተቀበለው እስከ ሜይ 8 ብቻ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዜናውን ያልሰማ ሰው፣ ለሰርጉ የተሰጠውን ካርድ ይዞ ቀረ። ሱቅ «ሊዘጋ ነው» የሚል ወሬ ስትሰሙ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

8. የሚያዋጣው መቼ ነው?

በቅናሽ ሲገኝ። ኮስትኮ አባል ከሆናችሁ የካርድ መደርደሪያውን እዩት። 100 ዶላር የሚያወጣ የምግብ ቤት ካርድ 80 ዶላር አካባቢ መሸጥ የተለመደ ነው። እዚያ ምግብ ቤት መሄዳችሁ ካልቀረ 20 በመቶ አተረፋችሁ። መሄዳችሁ የሚቀር ከሆነ ግን 80 ዶላር አወጣችሁ እንጂ 20 አላተረፋችሁም።

የሳንቲም ማሰሮ ቤት ካላችሁ ደግሞ ኮይንስታር የሚባለውን ማሽን ታውቁታላችሁ። ሳንቲም ቆጥሮ ጥሬ ገንዘብ ሲሰጥ ከ10 በመቶ በላይ ይቆርጣል። በጊፍት ካርድ ስጠኝ ካላችሁት ግን ምንም አይቆርጥም። የአማዞን ወይም የምትጠቀሙበትን ሱቅ ካርድ ምረጡ። ጊፍት ካርድ ከጥሬ ገንዘብ የሚሻልበት አንድ ቦታ ቢኖር ይሄ ነው።

አንዳንድ ሱፐርማርኬቶች ጊፍት ካርድ ስትገዙ የነዳጅ ነጥብ በእጥፍ ይሰጣሉ። ክሮገር በዚህ ይታወቃል። ልትገዙት የወሰናችሁት ትልቅ ዕቃ ካለ፣ መጀመሪያ የዚያን ሱቅ ካርድ ከሱፐርማርኬቱ መግዛት ጥሩ ዘዴ ነው። በቪዛ ካርድ ላይ ግን ነጥቡ ብዙ ጊዜ አይሰጥም፤ ማስታወቂያው ሥር ያለውን ጽሑፍ እዩ።

ከነዚህ ውጭ ቪዛ ጊፍት ካርድ ለመስጠት ስታስቡ ለምን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ጥሬ ገንዘብ የትም ይሠራል፣ ክፍያ የለውም፣ አይቃጠልም፣ ፓምፕ ላይ አይመለስም። ካርዱ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ለእህት ልጅ ምረቃ ከሆነ ፖስታው ይበቃል፤ ወይም ከባንክ ወደ ባንክ በሚልከው በዜል ላኩለት። የባንክ ሂሳብ የሌለው ልጅ ኢንተርኔት ላይ የሚገዛው ነገር ካለ፣ እሺ፣ ያን ጊዜ ክፍያውን መክፈል ምክንያት አለው። ግን ባለ 25ቱን አራቴ ከመግዛት አንድ ባለ 100 ግዙ።

የምትሠሩበት ድርጅት ለበዓል ጊፍት ካርድ ቢሰጣችሁ ደግሞ ቀጣዩን የደመወዝ ወረቀት እዩ። የግብር መሥሪያ ቤቱ ከአሠሪ የሚሰጥን ጊፍት ካርድ መጠኑ ምንም ቢያንስ እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቆጥረዋል። ግብር ይቆረጥበታል። ተሳስተው ነው ብላችሁ ኤችአር ጋ አትሂዱ፤ አልተሳሳቱም።

9. ወደ አገር ቤት አትላኩት

ይሄን ለብቻው ያደረግሁት ብዙ ሰው ስለሚሞክረው ነው። አሜሪካ የተገዛ ቪዛ ጊፍት ካርድ «አሜሪካ ውስጥ ብቻ» የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ፕላስቲክ ነው። ኤቲኤሙም፣ ሱቁም አይቀበለውም። ሻንጣ ውስጥ ከቶ ለእናት ወስዶ መስጠት ደግሞ ስጦታ ሳይሆን ጣጣ ነው።

የአፕልና የጉግል ፕለይ ካርድም በአገር የታሰረ ነው። ከአሜሪካ የተገዛ የአፕል ካርድ የሚሠራው አሜሪካ ብሎ በተመዘገበ አካውንት ላይ ብቻ ነው። የአጎታችሁ ልጅ ከአዲስ አበባ «ካርድ ላክልኝ» ካላችሁ መጀመሪያ አካውንቱ የየት አገር እንደሆነ ጠይቁት። አማዞንም እንደዚያው ነው። ዱባይ ያለች እህታችሁ የአሜሪካውን የአማዞን ካርድ የኤምሬትስ አማዞን ላይ ብታስገባው አይቀበላትም። ጀርመን ያለ ወንድምም እንደዚሁ። ለእነሱ ከየአገራቸው አማዞን ገጽ ላይ በየገንዘባቸው ግዙ። ለኢትዮጵያ ደግሞ ከውጭ የሞባይል ካርድ መሙላት ወይም በባንክ በኩል መላክ ይቀላል።

10. ካርድ ገዝታችሁ ቁጥሩን ንገሩኝ የሚል ሰው

ይሄ የሁሉም እናትና አባት ማወቅ ያለባቸው ነገር ነው። ስልክ ይደወላል። ከግብር መሥሪያ ቤት ነን፣ ከኢሚግሬሽን ነን፣ መብራት ሊቆረጥ ነው ይላል። «አሁኑኑ ሱቅ ሂጂ፣ ካርድ ግዢ፣ ከጀርባ ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ።» ኤፍቲሲ በ2023 ብቻ በዚህ መንገድ ተበላን ብለው ሪፖርት ያደረጉ ሰዎች 217 ሚሊዮን ዶላር እንዳጡ መዝግቧል። ሪፖርት ያላደረገው አልተቆጠረም።

የትኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጊፍት ካርድ ክፍያ አይቀበልም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም አይቀበልም። እንግሊዝኛ ብዙ ለማይገባቸው ወላጆቻችሁ አንድ ነገር ብቻ ንገሯቸው፦ የካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፣ ስልኩን ዝጉትና ለኔ ደውሉልኝ። ካሸሯ «ለማን ነው የሚገዙት?» ብላ ብትጠይቅ ደግሞ እንዳይቆጡ፤ ብዙ ሱቆች ሠራተኞቻቸውን ይሄን እንዲጠይቁ ያሠለጥናሉ።

11. ካርዱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ

ሳትውሉ ሳታድሩ ከካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውሉ። ቀሪ ገንዘብ ካለ እንዲያግዱት ጠይቁ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ግዢ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ አስነግሯቸው። ደረሰኙንና ፎቶዎቹን የምትፈልጉት አሁን ነው። የማመልከቻ ቁጥር ሳትቀበሉ ስልኩን አትዝጉ። ወደ ገዛችሁበት ሱቅም ሂዱ፤ አንዳንዱ ይተካል፣ አንዳንዱ «ባንኩን ጠይቁ» ይላል። በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ለእሱም ባንክ ንገሩ።

ባንኩ ካንገላታችሁ የተጠቃሚዎች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ጋ በኢንተርኔት አቤቱታ ማስገባት ይቻላል። የዴቢት ካርድ ያለው ዓይነት ጥበቃ ጊፍት ካርድ ስለሌለው መገፋፋት ይጠይቃል። ሌብነቱን ለኤፍቲሲም አሳውቁ።

ካርዱ ደህና ሆኖ ሱቁ ብቻ የማይሆናችሁ ከሆነ ግን እንደ ካርድካሽ ያሉ የሚገዙ ድረ ገጾች አሉ። ሙሉ ዋጋውን አይሰጡም፤ ብዙ ሰው የሚፈልገው ሱቅ ከሆነ የተሻለ ይከፍላሉ፣ ካልሆነ በጣም ይወርዳል። ከዚያ በፊት የቤተሰቡ ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ጠይቁ። 50 ዶላሩን በ45 የምትወስድ አክስት አትጠፋም።